«እስክንመለስ አትንኩት» ስለተባለው የድንጋይ ካርታ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ ወ/ሮ አበባየሁ በፍቃዱ፣ ነጌሌ ቦረና፣ ከጦር ካምፑ አጥር ጀርባ

ጉዳዩ፦ የማስተርስ ተማሪዎች በ2008 ዓ.ም. ለመስክ ትምህርት መጥተው በግቢዬ የተዉት የድንጋይ ካርታ፣ ጠባቂው በሕይወት ሳሉ ባለቤቶቹ መጥተው እንዲዘጉልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት የጎረቤቴን የኦቦ ጂሎ ኩራን ጤና ላስታውቅዎ። እዚህ አገር ሰላም ሳይባባሉ፣ የቤተሰብ ደኅንነት ሳይጠያየቁ ጉዳይ አይነሳም። ደግሞም ጉዳዬ እሳቸው ናቸው። ኦቦ ጂሎ ከመስከረም ጀምሮ ተኝተዋል። መጀመሪያ ግራ ጎናቸውን ያዛቸው፤ ቀጥሎ ምግብ እምቢ አላቸው። ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ ዓይኑን መሬት መሬት እያደረገ «ቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል» አለን። ባለቤታቸው አዴ ስንቄ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። ልጃቸው ዳዳቻ ከድርቁ የተረፉትን ጥቂት ከብቶች ይዞ ተልተሌ ድረስ ሄዶ ነበር፤ የአባቱን መታመም ሰምቶ ተመልሷል። የልጅ ልጆቹ ደህና ናቸው። እኔም ይመስገነው ደህና ነኝ። እርስዎስ? ቤተሰብስ? ናጋ ነው፣ ሰላም ነው? መልስዎን ቁጭ ብዬ እንደማልሰማው አውቃለሁ፤ ግን ሳልጠይቅ ማለፉ አልሆነልኝም።

1. እኔ አመልካች ነጌሌ ተወልጄ ያደግሁ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ፣ ለእንግዳ ክፍል እያከራየሁ፣ ምግብም እያበሰልኩ የምተዳደር ነኝ። አባቴ አስር አለቃ በፍቃዱ ከወሎ መጥቶ በዚሁ ካምፕ ያገለገለ ወታደር ነበር። ኦሮምኛውን የተማርኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ውሃ ስቀዳ ነው።

2. በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ የትምህርት ክፍልዎ የማስተርስ ተማሪዎች ከመምህራቸው ከአቶ አምሀ ጋር መጥተው እኔ ቤት አረፉ። ትምህርቱ የምርምር ዘዴ እንደሚባል፣ መሬትን እንዴት እንደሚያጠኑ፣ ሰውንም እንዴት እንደሚጠይቁ የሚማሩበት እንደሆነ ነገሩኝ። ጥሩ ልጆች ነበሩ። ራት ላይ ስለ መጠይቃቸው ይጨቃጨቃሉ፤ ጠዋት ካልሲ ይጠፋባቸዋል፤ በርበሬ በዛብን እያሉ ሳህኑን ጠርገው ይበሉ ነበር። ከነሱ ውስጥ እድላዊት የምትባል ቀጭን ልጅ ወጥ ቤት እየገባች ሽንኩርት ትከትፍልኝ ነበር። ሽንኩርቱ ሲያስለቅሳት «እትዬ፣ ይሄም ዳታ ነው» ትለኛለች። የኦሮምኛ ሰላምታውን ከኔ ተምራ ሽማግሌዎቹን «አካም፣ ናጋ?» ስትላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

3. በመጀመሪያው ቀን ከወንዶቹ ልጆች አንዱ ኦቦ ጂሎን ደጄ ላይ አገኛቸውና በቅጡ ሰላም ሳይላቸው «አባት፣ ስንት ከብት አለዎት?» አላቸው። በቦረና ዘንድ ከብት አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ያልቃል ይባላል። መተርጎሙ ከብዶኝ ሳለ ለካ አማርኛው ገብቷቸዋል፤ «አንተስ ስንት ሱሪ አለህ?» አሉት። ልጁ ደንግጦ «ሦስት» አለ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ይሁንልህ» አሉት። ግቢው በሳቅ ሞላ፤ ልጁም ሳቀ። መምህር አምሀ አልተቆጣውም። ለልጆቹ «ስንት የሚለውን ተዉት፣ የት የሚለውን ጠይቁ» አላቸው። የሚከተለው ሁሉ የመጣው ከዚያች ቃል ነው።

4. «ከብቱ በበጋ የት ይሄዳል፣ በዝናብስ የት?» ተብለው ሲጠየቁ ኦቦ ጂሎና ጓደኞቻቸው በአፍ ከመናገር ይልቅ አገሩን ግቢዬ ውስጥ መሬት ላይ ዘረጉት። የልብስ ማስጫ ገመዴን ፈትተው ዳዋ ወንዝ አደረጉት። ኤላው፣ ማለት የውሃ ጉድጓዱ፣ በድንጋይ ሆነ፤ ለጠለቀው ትልቅ ድንጋይ፣ ለሌላው ትንሽ። የበጋውን ግጦሽ በቅጠል፣ የዝናቡን በበቆሎ አደረጉት። በቆሎውን ዶሮዎቼ ወዲያው ለቀሙት፤ «ይኸው ድርቅ መጣ!» ብለው ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር። ነጌሌን የጀሪካን ክዳን አደረጓት። «ምነው ኦቦ ጂሎ፣ ይህን የሚያህል ከተማ በክዳን?» ብላቸው «ሃዳ ልዑል፣ እናንተ ጋ ያለው ክዳኑ ነው፤ ውሃው ሌላ ቦታ ነው» አሉኝ። ሃዳ ልዑል የሚሉኝ በልጄ በልዑልቃል ነው፤ የልዑል እናት ማለታቸው ነው።

ልጆቹ እየዞሩ ፎቶ ሲያነሱ፣ እድላዊት ተንበርክካ በእርሳስ ስትስል ዋለች። ኦቦ ጂሎ እያንዳንዱን ድንጋይ ሲያስቀምጡ የኤላውን ስም፣ የቆፈረውን ጎሳ፣ የውሃውን ጣዕም ሳይቀር ይነግሯት ነበር። እንዲያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ መለካቱ ለነገ ተቀጠረ፤ በማግስቱ በጂፒኤስ ሊለኩት፣ ቦታዎቹንም ከሽማግሌዎቹ ጋር በእግር ሊያዩ ነው። መምህር አምሀ ወደኔ ዞሮ «እትዬ፣ እስክንመለስ አትንኩት በይልኝ» አለ። በኦሮምኛ አልኩላቸው። ኦቦ ጂሎ በትራቸውን መሬት መታ አድርገው «ቶሌ» አሉ። ቶሌ ማለት እሺ ነው። ከሽማግሌ አፍ በበትር ሲወጣ ግን መሐላ ነው።

5. በዚያው ምሽት ለመምህር አምሀ ስልክ ተደወለ። መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ ልጆቹን ይዘህ ተመለስ ተባለ። በዚያ ዓመት ነገሩ እንዴት እንደነበረ ያስታውሱታል፤ አልፈርድበትም። የሰው ልጅ አደራ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሻንጣቸውን ጭነው ሄዱ። ማስጫ ገመዴ ዳዋ ሆኖ ስለነበር አጥሩ ላይ የተሰጣ አንድ ሸሚዝ ረስተው ሄዱ። እድላዊት አንገቴን አቅፋ «እትዬ፣ በሳምንት እንመለሳለን፤ ካርታውንም በትልቅ ወረቀት አሳትመን እናመጣላቸዋለን፤ ንገሪልኝ» አለችኝ። ነገርኩላቸው።

6. ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም። በሳምንቱ መጥረጊያ ይዤ ብወጣ ኦቦ ጂሎ አጥሩ ጋ ቆመው «ሃዳ ልዑል፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ። «ልጠርገው ነዋ፣ ቀሩ እኮ» አልኩ። «አትንኩት ያለው ሰው ነው ንኩት የሚለው» አሉኝ። በዚህ አገር መንገደኛ ሲመጣ ዜና ይጠየቃል፣ ዜናም ይሰጠዋል። የወሰደውን ዜና ደግሞ የሆነ ቦታ አድርሶ፣ ምን እንደተባለ ይዞ ይመለሳል። እሳቸው አገሩን ሁሉ ዜና አድርገው ሰጥተዋል፤ መልሱን ይጠብቃሉ።

እናም ጠበቅን። በጋናው፣ ማለት በበልጉ ዝናብ፣ በሐጋያውም፣ ማለት በመጸው ዝናብ ማግስት ኦቦ ጂሎ በትራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጎርፍ የገፋውን ድንጋይ ወደ ቦታው ይመልሳሉ፤ ይመርቁኛል፤ ይሄዳሉ። እኛ ዙሪያውን መሄድ ለመድን። ልጄ ልዑልቃል ሲያገባ ድንኳኑን ከካርታው ወዲያ ተከልን። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ስትገባ ኦቦ ጂሎ «ዳዋን በደረቅ እግር የተሻገረች ሙሽራ!» ብለው እልል አስባሉን። ገመዱ አሁን በስብሷል፤ መስመሩ ግን አለ።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ዝናብ ቀረ፣ ደግሞ ቀረ፣ ደግሞም ቀረ። የኦቦ ጂሎ ከብቶች እንዴት እንዳለቁ አልጽፍም፤ አይቆጠርም ብያለሁ። በዚያ ጊዜ ዝናብ ሳይኖርም ይመጡ ነበር። ካርታው ዳር ቆመው ያያሉ፤ ሻይ ልስጥዎ ስላቸው እምቢ ብለው ይሄዳሉ። ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ ሲጎድሉ የሰፈር ልጆች ወሰዱ ብዬ ስንቷን እናት ተናገርኩ! ከአንዷ ጋርማ እስከ ዛሬ ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው።

7. ክቡር ሆይ፣ ይህቺ ሴት ለጎረቤት ነገር ምን አቤት አስባላት ይሉ ይሆናል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን አባቴ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሞያሌ አቅጣጫ ወጣ። እናቴን «እስክመለስ ከዚህ ቤት እንዳትነሺ» አላት። በዚያ ሰሞን የወታደር ሚስትና ልጅ ደጁን ይፈራ ነበር። ኦቦ ጂሎ፣ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ፣ ከብቶቻቸውን ነድተው አምጥተው ደጃችን ላይ አሳደሯቸው። የሳቸው ከብት በተኛበት ደጅ ማን እጁን ይሰዳል? ነገሩ እስኪረጋ ድረስ በከብት ትንፋሽ ተጠብቀን፣ የላኩልንን ወተት እየጠጣን ሰነበትን። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ወገኖቿ ከወሎ ነይ ብለው ቢልኩባት «ቤቱን ለቅቄ መጥቶ ቢያጣኝስ?» እያለች እዚሁ ሞተች። ስለዚህ «እስክመለስ» የሚል ቃል ሰው ቤት ውስጥ ቀርቶ ምን እንደሚሠራ አውቀዋለሁ። የአባቴን ነገር የምጠይቅበት መሥሪያ ቤት አላገኘሁም፤ ማመልከቻ ልጻፍ ብልስ ለማን ብዬ? የእናንተ ግን በር አለው፤ አድራሻም አለው። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

8. ዝም ብዬም አልተቀመጥኩም። በእድላዊት ስልክ ስንደውል ቆይተን፣ በኋላ ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆነ፤ አንድ ትልቅ ሰውዬ «ተሳስታችኋል» እያሉ ሲመልሱልን ከሳቸውም ጋር ተዋወቅን። ልጄ ልዑልቃል ሞያሌ ነው የሚሠራው፤ ባለፈው ዓመት ለጉዳይ ወደ እናንተ ከተማ ሲሄድ ዩኒቨርሲቲያችሁ ድረስ ልኬው ነበር። በትሕትና አስተናግደውታል። መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ተማሪዎቹ ተመርቀው ተበትነዋል፤ የመስኩም ትምህርት ቀርቶ አሁን በሳተላይት ምስል ክፍል ውስጥ ይሰጣል አሉት። ይህንኑ ለኦቦ ጂሎ ነገርኳቸው። ሳተላይቱ ከሰማይ ሆኖ ኤላውንም ግጦሹንም ያያል አልኳቸው። «ሰላም ይላል ወይ?» አሉኝ።

9. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፣

ሀ) መምህር አምሀን ወይም እድላዊትን ካሉበት ፈልጋችሁ፣ እነሱ ካልተገኙ ከትምህርት ክፍሉ ሥልጣን ያለውን አንድ ሰው ላኩልን። ካርታው ምን እንደሆነ፣ ታትሞ እንደሆነ፣ ጠፍቶም እንደሆነ ለኦቦ ጂሎ በአፉ ይንገራቸው። አልጋውም ምግቡም ከኔ ነው፤ በርበሬውን እቀንሳለሁ።

ለ) ይህ ፈጽሞ የማይቻል ቢሆን «ጥበቃችሁ ደርሶናል፤ ድንጋዮቹን ማንሳት ትችላላችሁ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፉልን። አነብላቸዋለሁ።

ሐ) ትምህርቱ በሳተላይትም ይሁን በእግር፣ ለአዳዲሶቹ ልጆች የምርምር ዘዴ ስታስተምሩ «እስክንመለስ» የሚለውን ቃልም አስተምሯቸው። ቀላል ቃል መስሏቸው ይጥሉታል፤ የሚያነሳው ሰው ግን ወገቡ ይጎብጣል።

ማመልከቻዬን እዚህ ላይ ልቋጨው ነበር። ነገር ግን ሳልልከው በዚህ ሳምንት ሰው ገባ ወጣ ብሏልና የተባለውን ማስቀረት ደግሞ ይከብደኛል።

መጀመሪያ ይህን የሚተይብልኝ ፋዲል ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ልጅ። አንብቦ «እትዬ አበባየሁ፣ ይሄ አቤቱታ ሳይሆን ጨዋታ ነው፤ እንዲያው ሱሪውን እንኳን ላውጣው» አለኝ። «ሱሪውን አውጥተህ ልጁን ራቁቱን ልትሰደው ነው? ተወው» አልኩት። ሰባተኛውን ቁጥር ሲደርስ ግን እንዳለ ተየበው።

ማክሰኞ የጤና ኤክስቴንሽኗ ሚልኪ መጣች። ኦቦ ጂሎን አገላብጣ አይታ ስትወጣ በር ላይ እጄን ያዘችኝ። «ደብዳቤሽን አፍጥኚው እንጂ ፖስታ ቤት ላይ አትተማመኚ» አለችኝ።

ረቡዕ ዳዳቻ መጣ። እንደ አባቱ አጥሩ ጋ ቆሞ ድንጋዮቹን ሲያይ ቆየና «እትዬ፣ ለምን አንድ ልጅ ከካምፑ አናመጣም? አማርኛው የጠራ፣ ቦርሳ የያዘ። ተመልሰናል፣ እናመሰግናለን ብሎ ይውጣ። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ አያውቁትም» አለኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ማንን እንደምናመጣ እንኳ በልቤ መርጬ ነበር። አዴ ስንቄ ከበሩ ወዲህ ሆነው ሰምተውን ኖሯል። «አባትህ ከሰላምታ ቀጥሎ ዜና ይጠይቃሉ። ያ ልጅ ምን ዜና ይዟል?» አሉት። ዳዳቻ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አዴ ስንቄ ራሳቸው መጡ። የዘንድሮ ሐጋያ እንዴት እንደሆነ እርስዎም ሰምተዋል፤ የቀረው ዝናብ ሁሉ ባንዴ የመጣ ይመስላል። ኦቦ ጂሎ መነሳት ስላልቻሉ ካርታው ላይ ሸራ አልብሼ ዳርዳሩን በጡብ ይዤዋለሁ። እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው በየቀኑ «ጎርፉ ወሰደው?» ይላሉ፤ «አልወሰደውም» ብዬ እልካለሁ። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት አዴ ስንቄ «እሱን ተይው፤ ሌላ ነገር አለ» ብለው ተቀመጡ።

ከኦቦ ጂሎ አልጋ ሥር በጨርቅ የተቋጠሩ ድንጋዮች አሉ። ከግቢዬ የጎደሉት ናቸው፤ ልጆች አይደሉም የወሰዷቸው። በድርቁ ጊዜ አንድ ኤላ ነጠፈ ሲባል፣ ኦቦ ጂሎ መጥተው የዚያን ኤላ ድንጋይ አንስተው በጋቢያቸው ሸፍነው ይሄዱ ነበር። ውሃ የሌለውን ኤላ ውሃ እንዳለው አድርጌ ልጆቹ ሲመለሱ ልዋሻቸው ወይ? ነው ነገሩ። ማንሳቱን አነሱት። ነገር ግን አትንኩት ተብለው፣ ቶሌ ብለው፣ በትራቸውን መትተው ነበር። ከዚያ ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም አሉ አዴ ስንቄ። ልጆቹ ቀሩብኝ ብለው ተቀይመዋል እያልኩ አስብ የነበርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሲጠብቁ የኖሩት ዜናውን ብቻ አልነበረም። «ቃላቸውን አፍርሻለሁ፤ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ልሄድ ነው» እያሉ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬን አስተካክላለሁ። ካርታው ሳይታተም ቀርቶ እንደሆነ ይቅር። ደብዳቤውም ይቅር፤ ወረቀት ይቅር ሊላቸው አይችልም። አንድ ሰው ብቻ ይምጣ። ወንድም ይሁን ሴት፣ መምህርም ይሁን ተማሪ፣ ከእናንተ ቤት የወጣ እውነተኛ ሰው ይሁን። ከአልጋቸው አጠገብ ይቀመጥና መጀመሪያ ጤናቸውን፣ የአዴ ስንቄን ጉልበት፣ የልጅ ልጆቹን ደኅንነት ይጠይቅ። ከዚያ ድንጋዮቹን ከእጃቸው ይቀበላቸውና «አባት፣ ደግ አደረጉ» ይበላቸው። አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ አማርኛው ይገባቸዋል።

ከናጋና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አበባየሁ በፍቃዱ
ሃዳ ልዑል
ነጌሌ ቦረና